አባቴ ያነበበው ማስታወቂያ

በእኛ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ ለመጋባት ከፍቅር ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር። መጀመሪያ ቀበሌ ትሄዳለህ፤ ያላገባህ መሆንህን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲጻፍልህ ታመለክታለህ። ሊቀመንበሩ ላጤ መሆንህን የሚያውቀው ስብሰባ ላይ ሲያይህ ስለሆነ፣ ሁለት እሑድ ከቀረህ ላጤነትህ ራሱ ያጠራጥረዋል። እኔ ቀርቼ ነበር። «መጀመሪያ ተሰብሰብ፣ ከዚያ ታገባለህ» አለኝ። ሁለት እሑድ ጠዋት የፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ እጄን ከሰው ሁሉ ቀድሜ እያወጣሁ ደብዳቤዬን አገኘሁ።

ከዚያ አራት ጉርድ ፎቶግራፍ። ከዚያ ማዘጋጃ ቤት፣ የክብር መዝገብ ክፍል። እዚያ ቅጽ ትሞላላችሁ፤ ከቅጹ ላይ ማስታወቂያ ይዘጋጃል፤ ማስታወቂያው ፎቶግራፋችሁ ተለጥፎበት ኮሪደሩ መግቢያ ላይ ባለው ባለመስታወት ሰሌዳ ውስጥ ይሰቀላል። ይህች ልጅ ሚስቴ ናት፣ ወይም ይህ ሰውዬ ሦስት ልጅ ጥሎብኝ የሄደ ነው የሚል ካለ እንዲቃወም ጊዜ ይሰጠዋል። ማንም ካልመጣ፣ በተቆረጠው ቀን ከየወገናችሁ ሁለት ሁለት እማኝ ይዛችሁ ትፈርማላችሁ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለማስተማር አይደለም። ከቅጹ አንዷ መስመር ላይ የጻፍኩትን ነገር ለመናገር ድፍረት እስካገኝ ጊዜ እየገዛሁ ነው።

ያኔ በአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ከረባት አስር ነበር፤ በናዝሬት ሙቀትና አቧራ ከረባት የሚያስር ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ መገመት አያቅትም። አባቴ ደግሞ ወንጂ አገዳ ቆራጭ ነበር። ከከምባታ በወጣትነቱ በጭነት መኪና መጥቶ፣ ገጀራ ተቀብሎ፣ በዚያው የቀረ ሰው ነው። የግራ እጁ ሌባ ጣት ጫፍ የለውም፤ አገዳው ነው የወሰደው። አገዳ ከመቆረጡ በፊት ስለሚቃጠል፣ ጥቀርሻው አንገቱ ቆዳ ውስጥ ገብቶ በሳሙና የማይለቅ ሆኖ ነበር። እናቴ ገና ሕፃን ሳለሁ ስለሞተች፣ እኔን ያሳደገኝ፣ ያበሰለልኝ፣ ደብተር የገዛልኝ እሱ ነው። በእኛ ቤት አባት «አንተ» ነው የሚባለው። ሁለት ሰው ብቻ ባለበት ቤት ሌላ አጠራር አያስፈልግም ነበር።

ማንበብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩና፣ ለክረምቱ ያደግሁበት የሠራተኞች ካምፕ ተመደብኩ። ከሥራ መልስ፣ ምግብ ቤቱ በረንዳ ፊት ለፊት፣ ሰሌዳ ግራር ላይ አስደግፌ ሠላሳ የሚሆኑ አገዳ ቆራጮችን አስተምር ነበር። አባቴ የፊት መስመር ላይ ይቀመጣል። እዚያ በተቀመጠ ጊዜ «መምህር፣ እርስዎ» ይለኛል። ጓደኞቹ ቢስቁበትም አልተወም። ቤት ስንገባ ግን ተመልሶ «አንተ፣ ውኃ ቅዳ» ነው።

ፊደሉን ከያዘ በኋላ ያላነበበው ነገር አልነበረም። የስኳር ጆንያ፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ የአውቶቡስ ጎን፣ የመጸዳጃ ቤት በር። እየተንተባተበ ይጨርስና ወደ እኔ ዞሮ «ትክክል ነኝ?» ይላል። ትክክል ነህ ካልኩት ሌላ ፍለጋ ይሄዳል። ምስክር ወረቀቱን ሲቀበል ግድግዳው ላይ ከእናቴ ፎቶግራፍ አጠገብ ሰቀለው።

እጮኛዬን ያገኘኋት የታይፕ ትምህርት ቤት ነው። አባቷ የሒሳብ አስተማሪ፣ እናቷ ነርስ ነበሩ፤ የጸሎት ቤታቸው በር ከታሸገ የቆየ፣ እሑድ እሑድ መስኮት ዘግተው በለሆሳስ የሚዘምሩ ጴንጤዎች። ማንንም ሳያስቀይሙ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰዎች ነበሩ። መጀመሪያ የጋበዙኝ ቀን መደርደሪያቸው ላይ ያለውን መጽሐፍ ብዛት፣ ሹካና ቢላው በናፕኪን ተጠቅልሎ መቀመጡን ሳይ፣ ጫማዬን ወንበሩ ስር ደበቅሁ። ሾርባው እንደቀረበ አባቷ እንዲሁ ለጨዋታ ያህል፣ «አባትህ በምን ሥራ ላይ ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ።

አገዳ ቆራጭ ነው ማለት ሦስት ቃል ነው። ሦስቱንም አጣኋቸው። ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠራው ብዬ ላምታታ እችል ነበር፤ ግን ፋብሪካ ውስጥ ምን ክፍል ቢሉኝስ? እንወቃቸው፣ ይምጡ ቢሉኝስ? ያ አንገቱ፣ ያ ጣቱ፣ ያ ሾርባ ሲጠጣ የሚያሰማው ድምፅ በአንድ ጊዜ ታየኝ። «አርፈዋል» አልኩ።

አስቤበት አልነበረም። ይህን የምለው ለማቅለል አይደለም፤ እንዲያውም ሳላስብ መምጣቱ ይብሳል፤ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ ቆይቶ ነበር ማለት ነው። እናቷ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። አባቷ አንገታቸውን ደፍተው ለእኔ ጸለዩ፤ አባት የሌለው ልጅ አባት እንዲያገኝ ብለው። እጮኛዬ ጠረጴዛው ስር እጄን ያዘችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቷ ሳህኔ ላይ የሚጨምሩልኝ ከሰው ሁሉ ይበልጥ ነበር። ያባት የለሽን እንጀራ ያለ ሐፍረት በላሁ።

ወንጂ ግን በየሁለት ሳምንቱ እሄዳለሁ። ላገባ መሆኔን ለአባቴ ነግሬው ነበር። ደስታው ልክ አልነበረውም። «ሽማግሌ መላክ አለብኝ» ሲለኝ፣ አሁን ይህ ነገር ቀርቷል፣ ዘመኑ ሌላ ነው፣ ማዘጋጃ ቤት መፈራረም ብቻ ነው አልኩት። ድግስ የለም? የለም። መቼ ነው? ቀኑ ገና አልተቆረጠም። ዘመኑን በአፌ ሙሉ ወነጀልኩ። እውነቱን ለመናገር ዘመኑ ብዙ ኃጢአት አለበት፤ ይህኛው ግን የእኔ ነበር።

ቅጹን የሞላነው ሰኞ ጠዋት ነው። ጸሐፊዋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ፈገግ ሳትል ቀልድ የምትናገር ሴት ነበረች። ለሁለታችን አንዳንድ ቅጽ ሰጠችንና እጮኛዬ ከአጠገቤ ተቀምጣ መጻፍ ጀመረች። የእኔ ብዕር ከመሃል ላይ ቆመ። «አባት፦ በሕይወት ያለ፣ የሌለ። ካለ ሥራና አድራሻ።» የእጮኛዬ ክርን ክርኔን ይነካኛል። እሷ «አስተማሪ» ብላ ጽፋ አልፋለች። «በሕይወት የሌሉ» ብዬ ጻፍኩ። ለአክብሮት ብዬ በአንቱታ ነው የጻፍኩት፤ ሰው በገዛ እጁ አባቱን ገድሎ አክብሮት ሲያስብ ታያላችሁ? ጸሐፊዋ አየችውና «ነፍስ ይማር» አለችኝ። አመሰገንኳት።

ማስታወቂያው ላይ የሚወጣው ስማችንና ፎቶግራፋችን ብቻ ነው ብዬ ነበር የማስበው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኜ፣ ወረቀት ሁሉ ከወረቀት እንደሚገለበጥ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ባላይ ይሻለኝ ነበርና ሰሌዳውን ሄጄ አላየሁትም። እጮኛዬ ግን በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ በዚያ በኩል ታልፍ ነበር፤ «ፎቶግራፍህ ላይ ተቆጥተሃል» እያለች ትስቅብኛለች።

የፊርማው ቀን ሐሙስ ነበር። እጮኛዬ ሰማያዊ ቀሚስ፣ እኔ የተከራየሁት ኮት። አባቷና እናቷ፣ ሁለቱ የእሷ እማኞች፣ ከእኔ በኩል አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ። ሁለተኛው እማኜ አልመጣም። ጠበቅን። በኋላ ለድንገተኛ ስብሰባ ተጠርቶ መቅረቱን የሚናገር መልእክት መጣ። ጸሐፊዋ ሰዓቷን አየች። «እማኝ ካልሞላ ለሌላ ሳምንት ነው። ወይም ከኮሪደሩ ላይ መታወቂያ ያለው ሰው ፈልጉ፤ ብቻ ሙሽራውን የሚያውቅ ይሁን» አለች። ያኔ የተለመደ ነገር ነበር። ለአንድ ሻይ ብለው ለማንም እማኝ የሚቆሙ ሽማግሌዎች በግቢው ጥላ ስር አይጠፉም፤ ሙሽራውን የሚያውቁትም እዚያው በር ላይ ነው።

«እኔ አመጣለሁ» ብለው የእጮኛዬ አባት ወጡ። እኔም ተከትያቸው ብወጣ ምናለ። በተከፈተው በር በኩል ኮሪደሩ ይታያል፤ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ስር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አባቴ ተቀምጧል።

ኮት ለብሷል። ከሰልባጅ የገዛው፣ ለትልቅ ቀን የሚያወጣው ግራጫ ኮት ነው። ጫማው የራሱ አልነበረም፤ እግሩ ውስጡ ሲዋኝ ከሩቅ ያስታውቃል። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ እጆቹን ባርኔጣው ላይ አጣጥፎ፣ ሐኪም ጋ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ሰሌዳው ከራሱ በላይ ነው። እዚያ ድረስ መጥቶ አንድ የተጻፈ ነገር ሳያነብ የሚቀመጥ ሰው አለመሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የእጮኛዬ አባት አጠገቡ ቆመው ዝቅ ብለው፣ «ወንድሜ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንድ እማኝ ጎድሎን ነው፤ ይተባበሩን ይሆን?» አሉት። አባቴ ተነሣ። እሳቸውን አላየም። በበሩ በኩል እኔን አየኝ። የሚጠይቀኝ ይመስል ነበር፤ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ቃል እንዲያነብ ስጠራው «ልምጣ?» ብሎ የሚያየኝ ዓይነት አስተያየት ነው። ያቺ ደቂቃ የእኔ ነበረች። አባቴ ነው ብል ሁሉም እዚያው ያበቃ ነበር። ሐፍረቱ አንድ ቀን ያሳምመኝና ያልፍ ነበር።

«ቢተባበሩን ደስ ይለናል፣ ይግቡ» አልኩት። በእርስዎ።

ፊቱ ላይ ምንም አልተለወጠም። ገባ። ጸሐፊዋ «አባባ፣ እዚህ ይቀመጡ» አለችው። የእጮኛዬ እናትም «አባባ፣ ሙቀቱ አደከመዎት?» አሉት። በዚያ ክፍል ውስጥ አባባ ያላልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። «ሙሽራውን ያውቁታል?» አለች ጸሐፊዋ።

«አውቀዋለሁ።»

«ከየት?»

«ወንጂ ነው ያደገው። ከልጅነቱ አውቀዋለሁ።»

የእጮኛዬ እናት ደስ ብሏቸው ወደ ልጃቸው ዞሩ። ጸሐፊዋ መታወቂያውን ተቀብላ ስሙን መዝገቡ ላይ መጻፍ ጀመረችና ቆመች። የእኔን ቅጽ ገለጠች። መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ሳብ አድርጋ ሁለቱን አስተያየች። «ይገርማል፤ ከሙሽራው ሟች አባት ጋር በስምም በአባት ስምም ሞክሼ ናችሁ» አለች።

አባቴ ባርኔጣውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«አዎ፣ ሞክሼ ነን» አለ። «በእኛ አገር ስሙ ብዙ ነው። አውቀው ነበር።»

«ጥሩ ሰው ነበሩ?» አሉ የእጮኛዬ አባት፣ ለእኔ አዝነው።

«ሠራተኛ ነበር» አለ አባቴ። «ሌላ ነገር የለውም።»

ጸሐፊዋ እጆቹን አይታ የጣት አሻራ ማድረጊያውን ቀለም ወደ እሱ ገፋችው። «እጽፋለሁ» አለ። ብዕሩን ሰጠችው። ለእያንዳንዱ ፊደል እንደ አዲስ እየተነሣ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ጻፈ። የመጨረሻዋን ፊደል እግር አስረዝሞ ነው የሚጽፋት፤ ክረምቱን ሙሉ አሳጥራት እያልኩ አርሜው ያልለቀቀው ነገር ነው። አሁንም አስረዘማት። «መሠረተ ትምህርት?» አለች ጸሐፊዋ። አዎ አላት። «ማን አስተማረዎት? ጽሑፉ ያምራል።»

«አንድ ተማሪ» አለ። «ጎበዝ ልጅ ነበር።»

ከተፈራረምን በኋላ የእጮኛዬ እናት «በሉ እንግዲህ ጉልበት ሳሙ» አሉን። የሁለቱንም ጉልበት ሳምን። ከዚያ ሚስቴ፣ አሁን ሚስቴ ናት፣ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ አባቴ ሄደች። «እርስዎ አባቱን የሚያውቁ ነዎት፤ በእሳቸው ምትክ ይመርቁን» አለችውና ተንበርክካ ጉልበቱን ሳመች። እኔም ከአጠገቧ ተንበረከክሁ። ሱሪው የተቃጠለ አገዳ ይሸታል። የተወለድኩበት ሽታ ነው። እጁን ራሴ ላይ አደረገ፤ ጫፍ የሌላት ጣቱ ግንባሬን ነካችኝ።

«ወልዳችሁ ክበዱ» አለ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አባትህ ቢኖር ደስ ይለው ነበር» አለኝ።

አላለቀስሁም። ማልቀስ ቢያንስ ሰው ያደርገኝ ነበር። ተነሥቼ ጉልበቴን አራገፍሁ።

የሚስቴ አባት ሁላችንንም ኬክ ቤት ጋበዙ። አባቴን አጥብቀው ለመኑት። ተረኛ ነኝ፣ የወንጂው አውቶቡስ ያመልጠኛል ብሎ እምቢ አለ። እጃቸውን ጨብጦ፣ የእኔንም እንደ ሌላ ሰው ጨብጦ ወጣ። ከማዘጋጃ ቤቱ በር ወጥቶ በጋሪዎቹ መሃል ጫማው እየከዳው ወደ መነኻሪያ ሲሄድ አየሁት። ልሮጥለት እችል ነበር፤ መንገዱ ሩቅ አይደለም። ኬክ ቤት ሄድኩ። ከዚያም ፎቶግራፍ ቤት። በዚያ ቀን ፎቶግራፍ ላይ እየሳቅሁ ነው። ሚስቴ አልበሙን ስትገልጥ እስከ ዛሬ ያንን ገጽ አልፈዋለሁ።

ለአምስት ቀን ዝም አልኩ። በስድስተኛው ቀን ምሳ ላይ ሚስቴ፣ «እኚያን ሰውዬ እሑድ ለምን አንጋብዛቸውም? ስለ አባትህ የሚያወሩልን ነገር ይኖራቸዋል። አንተ እኮ ምንም ነግረኸኝ አታውቅም» አለችኝ። ነገርኳት። ከሾርባው ጀምሬ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።

አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ሳህኗን ወደ ጎን ገፋች። ከዚያ፣ «ጉልበታቸውን የሳምኩት በአባትህ ምትክ ነው ብዬ ነበር» አለች። ቀጥላም፣ «እኔንም አታውቀኝም ማለት ነው። እኛን ምን አድርገህ ነው ያሰብከን?» ብላ ጠየቀችኝ። ሹካው፣ መጽሐፉ፣ ናፕኪኑ ልላት ነው? እነሱ ሰውን በአንገቱ ጥቀርሻ የሚመዝኑ አልነበሩም። የመዘንኩት እኔ ነበርኩ። «አባቴና እናቴ ካንተ አፍ ነው የሚሰሙት» አለችና ተነሣች። ነጠላዋን ለበሰች። «የወንጂ አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው?»

አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ ብትቀመጥም ወደ መስኮቱ ነበር የዞረችው። ከፊታችን ያለች የቅቤ ነጋዴ «አካም ጅርቱ» ብላ በኦሮምኛ ሰላም ስትላት ግን ፊቷን አብርታ መለሰችላት። አገዳው ሲጀምር፣ የሞላሰሱ ሽታ ሲገባ፣ «እዚህ ነው ያደግኸው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። በመንገዱ ሁሉ ያናገረችኝ ያንን ብቻ ነው።

ካምፑ እንደደረስን ጎረቤቶች አዩን። እኔ ስድብ ነበር የጠበቅሁት። እልልታ ተቀበለን። ከአባቴ ጋር ለሃያ ዓመት አገዳ የቆረጠው ጎረቤታችን አቅፎ ሳመኝና፣ «አባትህ ሰርግህን ሲያወራልን ከረመ። ማዘጋጃ ቤት በክብር እንዳስቀመጡት፣ የልጅቷ አባት ራሳቸው መጥተው ወንድሜ ብለው እንደጠሩት፣ መዝገቡ ላይ በገዛ እጁ እንደፈረመ፣ ሙሽራይቱ ተንበርክካ ጉልበቱን እንደሳመች። እኛን አለመጥራትህ ቅር ብሎን ነበር፤ መንግሥት የሚፈቅደው ለአባት ብቻ ነው ብሎ አስረዳን» አለኝ። ከተናገረው ውስጥ ከመጨረሻዋ በቀር ውሸት አልነበረበትም። የእኔን ውሸት ናዝሬት ላይ ሸፍኖልኝ፣ ወንጂ ተመልሶ ደግሞ እንደገና ሸፍኖልኛል። ጫማውም የዚሁ ጎረቤታችን ነበር። ፎቶግራፌ ሰሌዳ ላይ መውጣቱን የነገረው ስኳር ወደ ናዝሬት የሚያመላልስ ሾፌር መሆኑንም ያን ዕለት ነው የሰማሁት። አባቴ በእረፍት ቀኑ ሄዶ ማስታወቂያውን አንብቦ፣ የፊርማውን ቀን ይዞ ተመልሶ፣ ለሐሙሱ ፈቃድ ጠይቆ ነበር።

አባቴ ከቤት ወጣ። ሚስቴ ምንም ሳትናገር ሄዳ ተንበረከከችና ጉልበቱን ሳመች። «አባባ» አለችው። አነሣትና ለጎረቤቶቹ «ምራቴ ናት፤ የአስተማሪ ልጅ ናት» አለ። የእኔን ጀርባ መታ መታ አደረገ። ሴቶቹ ሚስቴን ይዘዋት ገቡ።

ሁለታችን ግራሩ ስር ቀረን፤ ድሮ ሰሌዳውን የማስደግፍበት ግራር ነው። ይቅርታ የሚለውን ቃል በመንገድ ሁሉ ሳዘጋጀው ነበር የመጣሁት። «አባባ፣ እኔ» ብዬ ቆምኩ። እጁን አነሣ፣ ቆይ እንደማለት። ከኮቱ የውስጥ ኪስ የሲጋራ ፓኮ ክዳን አወጣ። በነጩ በኩል በእርሳስ የተጻፈ ነገር አለበት።

«ያን ጊዜ መስታወቱ ያንጸባርቅ ነበር» አለኝ። «ሦስት ጊዜ ደገምኩት። የእኔ ስም መሆኑን አወቅሁ፤ ከሱ ቀጥሎ ያለውን ግን ዓይኔ ይሆናል፣ ወይም ፊደል ተቀላቅሎብኝ ይሆናል ብዬ እንዳለ ገለበጥሁት። አንተን ስጠይቅህ ይታረማል ብዬ ነው። ጸሐፊዋ ሟች ስትል ገባኝ። ቢሆንም ካንተ ልስማው።»

ወረቀቱን ሰጠኝ። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ከዚያ ቀጥሎ እኔ ቅጹ ላይ የጻፍኳቸውን ሁለት ቃላት ገልብጧል። አንድ ፊደል አልሳተም። የመጨረሻዋን እግሯን አስረዝሟታል።

«ትክክል ነኝ?» አለኝ።

ክረምቱን ሙሉ ይህን ሲጠይቀኝ መልሱን ለመስጠት ተቻኩዬ አውቃለሁ። አሁን ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

«ትክክል ነህ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያስ በደንብ ነው ያስተማርከኝ» አለና ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው።